የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝ የስፖርት መኪኖች በደጋው ጎጃም

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር የተሠሩ ክፍት የስፖርት መኪኖችን የሚመለከቱትን መርጠን አንድ ላይ አቅርበናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጎጃም የሚገኙት እንዲህ ያሉ መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑም፣ ከመልሶቹ ብዙዎቹ ለአሮጌ ላንድሮቨርም ሆነ ለማንኛውም ካርቡራተር ላለው የቤንዚን መኪና ባለቤት ይጠቅማሉ። ደብዳቤዎቹን ሳነብ ደጋግሞ ያሳሰበኝ ነገር ዕቃ የሚለወጠው፣ የሚጣለው ወይም በሌላ የሚተካው ማንም ሳይለካው መሆኑ ነው። እነዚህ መኪኖች ኮምፒዩተር የላቸውም፤ የክፍተት መለኪያ ላሜራ፣ የመብራት መፈተሻና ትዕግሥት ያለው መካኒክ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዳንግላ የችግራቸውን ምንጭ ማግኘት ይችላል። መለካት ግን ከመፍታት መቅደም አለበት።

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ በ1966 የተሠራች ኤምጂቢ ከድሬዳዋ ገዝቼ ወደ ደብረ ማርቆስ አምጥቻለሁ። እዚያ ሳለች ደኅና ትሠራ ነበር፤ እዚህ ከመጣች ወዲህ ግን ጭሷ ጠቆረ፣ ካንዴላዎቿ ጥላሸት ለበሱ፣ ዳገት ላይ ትዝላለች፣ የምትፈጀው ቤንዚንም በግልጽ ጨምሯል። አንድ መካኒክ ሁለቱን ካርቡራተሮች አስወጥቼ ከሌላ መኪና የተወሰደ አንድ ካርቡራተር እንዳስገጥም መክሮኛል። ምን ይሉኛል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ካርቡራተሮቹን አይጣሉ። የገለጹት ሁሉ የሚያመለክተው ሞተሩ ከሚያገኘው አየር አንጻር ቤንዚን እንደበዛበት ነው፤ ይህም ካርቡራተሩ ሳይበላሽ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ጠለል ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንለው በድሬዳዋ 87 ያህሉ፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ 75 ያህሉ ብቻ ይቀራል። በመኪናዎ ላይ ያሉት ኤስዩ ካርቡራተሮች የሚያልፈው አየር በበዛ ቁጥር ከፍ፣ ባነሰ ቁጥር ዝቅ የሚል ተንሸራታች ፒስቶን አላቸው፤ ከፒስቶኑ ሥር የተተከለችው ቀጭን መርፌም በቤንዚኑ መውጫ ቀዳዳ ውስጥ አብራ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ይህ ብልህ አሠራር ምን ያህል አየር በስፋት እንዳለፈ ያውቃል፤ ያ አየር ምን ያህል የሳሳ እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ለድሬዳዋ ተስተካክሎ የነበረው የቤንዚን መጠን ለደብረ ማርቆስ ይበዛል።

ይሁን እንጂ ማስተካከያውን ከመንካትዎ በፊት ሌላው ሁሉ በቦታው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዎታል፤ በካርቡራተር የሚሳበበው ችግር ብዙውን ጊዜ ከማቀጣጠያው ክፍል የሚመጣ ነውና። በመጀመሪያ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የስምንቱን ቫልቮች ክፍተት ይለኩ፤ 0.38 ሚሊሜትር፣ በመኪናው መጽሐፍ ልኬት 0.015 ኢንች መሆን አለበት። ለመለካት የሚቀለው መንገድ ድምሩ ዘጠኝ የሚሆን ቁጥር ማጣመር ነው፤ ስምንተኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ በተከፈተ ጊዜ አንደኛው ይለካል፣ ሰባተኛው ሲከፈት ሁለተኛው ይለካል፣ እንዲሁ እየተባለ ይቀጥላል። ያገኙትን ልኬት በወረቀት ይያዙ። ከእነዚህ መካከል 1ኛው፣ 4ኛው፣ 5ኛውና 8ኛው የጭስ ማውጫ ቫልቮች ናቸው፤ የእነርሱ ክፍተት ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፣ ዛሬ የምንቀዳው እርሳስ የሌለበት ቤንዚን የቫልቮቹን መቀመጫ እየበላው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወርዶ ጠንካራ የብረት ቀለበት በመቀመጫዎቹ ላይ ሊገባለት ይገባል። ክፍተቱ ካልጠበበ ግን ማንም «ቤንዚኑ ይገድላታል» ቢልዎ ቴስታታውን ለማውረድ አይቸኩሉ።

ቀጥሎ የፑንቲናውን፣ ማለትም የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሡትን የመገናኛ ጫፎች፣ ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ያድርጉት፤ የማቀጣጠያው ጊዜም ሞተሩ ሳይነሣ ሲለካ ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀድሞ መሆኑን ያረጋግጡ። በሳሳ አየር ውስጥ ቃጠሎው ስለሚዘገይ፣ ዳገት ላይ የመንኳኳት ድምፅ እስካልሰሙ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ማስቀደም በደጋ አገር ይጠቅማል። የአየር ማጣሪያዎቹን አውርደው ይዩ፤ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ራሱ ቤንዚን ያበዛል። ከዚያም ቾኩን ይመርምሩ። በኤስዩ ካርቡራተር ላይ ቾክ የሚሠራው የቤንዚኑን መውጫ ወደ ታች በመጎተት ስለሆነ፣ ገመዱ ዝጎ በከፊል ተጎትቶ ከቀረ መኪናዎ ቀኑን ሙሉ እንደ ማለዳ ትጠጣለች። የማስተካከያ ሥራ ተሠርቶ ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ይህን ገመድ ሳያዩ እንዳለፉ ልጠረጥር እወዳለሁ።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ሁለቱን ካርቡራተሮች የሚያያይዘውን ዘንግ ማጥበቂያ ያላሉና ቀጭን ቱቦ በጆሮዎ ይዘው በእያንዳንዱ አፍ ላይ በማድመጥ የሚስቡት የአየር ድምፅ እኩል እስኪሆን ድረስ የእያንዳንዱን የፍጥነት ማስተካከያ ብሎን ይንኩ። ከዚያ በካርቡራተሩ ጎን ከታች በኩል ያለችውን ትንሽ ማንሻ ገፍተው ፒስቶኑን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ያንሡ። የሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ወዲያው ከወደቀ ወይም ሊጠፋ ከዳዳ አንሷል፤ ለቅጽበት ብቻ ጨመር ብሎ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ነው። ማስተካከያው ከሥር ያለው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ነው። ወደ ላይ ሲያዞሩት ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲያዞሩት ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጎን አይለፉ፤ ሁለቱንም ካርቡራተሮች በእኩል መጠን ያዙሩ፤ ከየመነሻው ስንት ጎን እንዳዞሩም ይጻፉ፤ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ ቆላ ለረጅም ጊዜ የሚወርዱ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ወደ ቀድሞው ይመልስዎታል። ፒስቶኑ በድንገት እንዳይዘል ከላይ ባለው ማርገቢያ ውስጥ ቀጠን ያለ የሞተር ዘይት መኖሩንም ይመልከቱ።

በሥራው መጨረሻ መኪናዎ በድሬዳዋ የነበራትን ጉልበት እንደማታገኝ ከወዲሁ ቢያውቁት መልካም ነው። ፋብሪካው ለዚህ ባለ 1,798 ሲሲ ሞተር የሰጠው 95 የፈረስ ጉልበት በባሕር ጠለል የሚገኝ ነው፤ በደብረ ማርቆስ አየር ከዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጋው ይጎድላል። ይህ የመኪናዋ ጥፋት አይደለም፤ ማንኛውም ካርቡራተር ቢገጠምላትም አይመለስም።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ መካኒክ ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ትራያምፍ አምጥቶልኝ፣ በእጄ ያሉት ባለ ሚሊሜትር ቁልፎች አንዳንዱ ይላላል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይገባም። የጠፉትን ብሎኖች በባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ተክቼ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተበላሹብኝ። ልዩ ቁልፍ የግድ ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አዎን፣ የግድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ አይደለም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ መኪና ሠሪዎች ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር ወደ ተስማሙበት የኢንች ጥርስ ስለ ተሸጋገሩ፣ የእርስዎ ትራያምፍ፣ እንዲሁም ኤምጂቢና ከእነርሱ ጋር የሚቀራረቡ መኪኖች በአብዛኛው በግማሽ ኢንች፣ በ7/16 እና በ9/16 ኢንች ቁልፎች ይፈታሉ። እነዚህ ሦስቱ ካሉዎት ከሥራው የሚበዛው ይሸፈናል።

የሚያሳስተው መቀራረባቸው ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 13 ቁልፍ ይገባለታል፤ የቀረችው የ0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ግን የዛገ ብሎንን ማዕዘን ለማሟሸሽ በቂ ናት። 7/16 ኢንች 11.11 ሚሊሜትር ነውና ባለ 11 ቁልፍ ወይ ጨርሶ አይገባም፣ ወይ በመዶሻ ይገባል። 9/16 ኢንች 14.29 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 14 አይገባም፣ ባለ 15 ይሾራል። በአንጻሩ 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊሜትር፣ 5/16 ኢንች ደግሞ 7.94 ሚሊሜትር በመሆናቸው በባለ 19 እና በባለ 8 ቁልፍ ያለ ሥጋት ሊሠሩ ይችላሉ።

ቀዳዳዎቹ የተበላሹበት ምክንያትም ከዚሁ የሚያያዝ ነው። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ስለሆነ ከባለ 8 ጋር በዓይን አይለይም፤ ሆኖም ደቃቁ ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጊዜ ይዞራል፣ ማለትም ከጥርስ ወደ ጥርስ ያለው ርቀት 1.06 ሚሊሜትር ሲሆን የተለመደው ባለ 8 ብሎን ግን 1.25 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፤ እንደ ተስማማ መስሎ በቁልፍ ሲገፋም የቀዳዳውን ጥርስ ገፎ ይወጣል። ከእንግዲህ ማንኛውንም ብሎን በጣትዎ ብቻ እስከ መጨረሻው የማይዞር ከሆነ በቁልፍ አያስከትሉት። ማስመሪያ አስጠግተው በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉትን ጥርሶች መቁጠር የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው። የተበላሹትን ሁለት ቀዳዳዎች በተመለከተ፣ ቶርኖ ቤት ወስደው ቀዳዳውን አስፍቶ ከውስጥ በቀድሞው ልክ ጥርስ ያለው የብረት እጅጌ ማስገባት ይቻላል፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ብሎን ማስገባት ግን የሚቀጥለውን ሠራተኛ ያሳስታል።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ልስጥዎ። ከ1955 በፊት የተሠራ ኤምጂ ቲሲ፣ ቲዲ ወይም ቲኤፍ ቢመጣልዎ የሞተሩ ብሎኖች ጥርሳቸው በሚሊሜትር፣ ራሳቸው ግን ዊትዎርዝ በሚባለው በድሮው የእንግሊዝ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ የዊትዎርዝ ቁልፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም የብሎኑን ውፍረት እንጂ የራሱን ስፋት አይናገርም። እንዲህ ያለውን መኪና ተገቢው ቁልፍ ሳይኖርዎ አይቀበሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ትራያምፍ ስፒትፋየር ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ ስወጣ ትፈላለች። ራዲያተሩን አስጠርጌያለሁ። ቴርሞስታቱንም መካኒኩ ነቅሎ ጥሎታል። አሁንም ግን ትፈላለች። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ይመርምሩ። ብዙ ሰው ክዳኑ ውኃው እንዳይፈስ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል፤ ዋና ተግባሩ ግን ግፊት መያዝ ነው፤ ግፊቱም ውኃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በባሕር ዳር በ94 ዲግሪ ገደማ፣ በደብረ ማርቆስም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ በ82 ዲግሪ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን የያዘ መኪና እንግዲህ ከመደበኛ ሙቀቱ እስከ መፍላቱ ያለው ልዩነት ከ12 ዲግሪ አይበልጥም፤ በአንድ ረዘም ያለ ዳገት ያልቃል። 7 ፓውንድ ግፊት የሚይዝ ደኅና ክዳን ግን በባሕር ዳር መፍያውን ከ105 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ለሞዴልዎ የታዘዘው ግፊት በክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ 7፣ 10 ወይም 13 ሊሆን ይችላል። ከታዘዘው በላይ የሚይዝ ክዳን አይግጠሙ፤ አሮጌውን ራዲያተርና ቱቦዎቹን ያፈነዳል። ክዳኑ ረዘም ወይም አጠር ያለ አንገት ስላለው የድሮውን ይዘው ሄደው ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ።

ቴርሞስታቱን በአዲስ ተክተው ይመልሱት። መካኒኮቻችን ሞተር ሲፈላ ቴርሞስታት የመንቀል ልማድ አላቸው፤ እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። የተበላሸና የማይከፈት ቴርሞስታት በርግጥ ያፈላል፤ ሆኖም ለመፈተን በድስት ውስጥ ከውኃ ጋር አሙቆ ሲከፈት ማየት በቂ ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር ለብዙ ሰዓት ሳይሞቅ ይቆያል፤ በደጋው ማለዳ ደግሞ ይብስበታል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ሲሊንደሩን ይበላዋል።

ክዳኑና ቴርሞስታቱ ደኅና ሆነው ፍላቱ ከቀጠለ፣ ራዲያተሩ ቢጠረግም የሞተሩ ብሎክ አልተጠረገ ይሆናል። በብሎኩ ጎን ያለውን የማፍሰሻ ቧንቧ ይፍቱ፤ ምንም የማይወርድ ከሆነ ከኋላ በኩል ያለው ሲሊንደር ዙሪያ በዝገት ዝቃጭ ተሞልቷል ማለት ነው፤ ሽቦ እያስገቡ እየቆፈሩ በውኃ ግፊት ማጠብ ያስፈልጋል። የዘገየ የማቀጣጠያ ጊዜም ሞተርን በብርቱ ያሞቃል። ሞተሩ ሲሠራ በራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ግን ነገሩ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ክዳኑን በሙቀት ጊዜ ፈጽሞ አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ በዓመት ጥቂት ጊዜ በኤምጂቢዬ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ባለፈው የዓባይን በረሃ ስወርድ ድልድዩ ሳይደርስ የፍሬኑ ፔዳል ወለል ድረስ ገባ። በማርሽ ይዤ ቆምኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ፤ መካኒኩም ምንም ችግር አላገኘም። (ከደጀን)

መልስ፦ እግዚአብሔር አትርፎዎታል። መካኒኩ ምንም ያላገኘው ችግሩ ሲቀዘቅዝ የሚሰወር በመሆኑ ነው፤ የፍሬን ዘይትዎ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠየቀው ዝቅተኛ ልክ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ መኪናው ያንን ከፍታ ሲያጣ የሚለቀቀው ኃይል ወይ በሞተሩ መታገድ አለበት፣ ወይ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ዘይቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግርዎ የሚጭነው ያንን ነው። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤምጂቢዎች የፍሬን መስመራቸው ለአራቱም ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ የተፈጠረ እንፋሎት ሁሉንም ያሳጣል።

እንግዲህ ዳግመኛ ከመውረድዎ በፊት አሮጌውን ዘይት በሙሉ አስወጥተው በዶት 4 ይተኩት፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይለውጡት። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ላስቲኮቹን ሁሉ ያሳብጣል። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የላስቲክ ቱቦዎች ዕድሜ ይጠይቁ። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥና ዘይቱን ከላከ በኋላ ላይመልሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ሳይረገጥ እየያዘ ይሞቃል። ለመለየት፣ ፍሬን ረግጠው ከለቀቁ በኋላ የፊቱን ጎማ አንሥተው ያዙሩ፤ ከያዘ የማስተንፈሻውን ብሎን ላላ ያድርጉ፤ ወዲያው ከተለቀቀ ጥፋቱ የቱቦው ሊሆን ይችላል። የኋላ ፍሬኖቹን በየከበሮው ጀርባ ባለችው ባለ አራት ማዕዘን ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ አጥብቀው፣ ነፃ እስኪሆን ብቻ ይመልሷት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን በአየር ግፊት አያስነፍሱ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይጣሉ።

ስለ አነዳዱም ልናገር። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ መኪናዎ ኦቨርድራይቭ (የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ካላት ያጥፉት፤ ሞተሩ መኪናዋን የመያዝ አቅሙን ይቀንሳልና። ፍሬኑን ያለማቋረጥ በስሱ እየረገጡ ከመውረድ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ በአጭሩ መርገጥና ለቆ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድ በዚህ መንገድ ላይ በማንኛውም መኪና ሊደረግ አይገባም።

ጥያቄ፦ አባቴ የተዉልኝ የ1965 ኤምጂቢ ከመቀመጫው ጀርባ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ነበሯት። ኤሌክትሪሺያኑ አውጥቶ በአንድ አዲስ ባትሪ ተካቸው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ትነሣለች፤ ነገር ግን የዙር መቁጠሪያው ሞተ፣ የባትሪው ቀይ መብራትም አይጠፋም። (ከዳንግላ)

መልስ፦ መኪናዋን አሁኑኑ ከመንዳት ይታቀቡ፣ ባትሪውንም ይፍቱ። ሁለቱ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 6 ቮልት ሆነው በተከታታይ የታሰሩ ነበሩ፤ በአንድ ባለ 12 ቮልት መተካታቸው ምንም ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ እኔ እንደምገምተው በአስተሳሰሩ ነው። እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ ዛሬ በየመንገዱ ከምናያቸው መኪኖች ሁሉ የተገላቢጦሽ። ኤሌክትሪሺያኑ እንደ ለመደው ኔጋቲቩን ከቦዲው ጋር አስሮት ይሆናል። መብራቶቹና ሞተሪኖው ለዚህ ግድ የላቸውም፤ ስለዚህ መኪናዋ ትነሣለች። የዙር መቁጠሪያው ግን ይቆማል፣ ሊቃጠልም ይችላል፤ ዲናሞውና ባትሪውም እርስ በርስ ይጣላሉ።

የኔ ምክር ወደ ቀድሞው አስተሳሰር መመለስ ነው። ፖዘቲቩን ከቦዲው ጋር ያስሩ፤ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ክዳን ከፍተው ጥርሶቹ ተቃጥለው አለመጣበቃቸውን ይዩ። ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ከዲናሞው ላይ «ኤፍ» ተብሎ የተጻፈበትን ሽቦ ይፍቱና፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ በተዘረጋ ሽቦ ያንን የዲናሞ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ያህል ሁለት ሦስት ጊዜ ይንኩት። ትንሽ ብልጭታ ይታያል፤ የዲናሞው መግነጢስ በዚህ ይስተካከላል። በቦቢናው ላይም የመቀነስ ምልክት ያለበት ጫፍ ወደ ማስነሻው ቁልፍ፣ የመደመር ምልክት ያለበት ወደ ዲስትሪቡተሩ መሄዱን ያረጋግጡ። ከዚህ በኋላ በኮፈኑ ሥርና በባትሪው ክዳን ላይ «ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር» የሚል ጽሑፍ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ፤ ቀጣዩ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው እንዳያልፍ።

ጥያቄ፦ በሽቦ የተሠራው ቸርኬዬ መሐል ያለው ትልቁ ዳዶ በየትኛው በኩል ይፈታል? የቀኙ ሲነዳ ይላላል። (ከቡሬ)

መልስ፦ ከጎን ቆመው ሲያዩት፣ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ሲመቱት ይፈታል፤ ወደ ተቃራኒው ሲመቱት ይጠብቃል። ስለዚህ የግራው እንደ ማንኛውም ብሎን ሲሆን የቀኙ ጥርስ ግን የተገለበጠ ነው። የቀኙ እየላላ ያስቸገረዎት፣ ቀድሞ የሠራው ሰው የግራውንና የቀኙን የጎማ መያዣ አለዋውጦ ገጥሞ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ዳዶው በመንገድ ላይ ራሱን እየፈታ ስለሚሄድ፣ በየቦታቸው ሳይመለሱ መኪናዋ መነዳት የለባትም። በትክክል ተገጥሞ ከተገኘ ደግሞ ጎማውን በክሪክ አንሥተው፣ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይዞልዎት ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት። ቸርኬው ከመያዣው ተለይቶ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ የውስጡ ጥርሶች ተበልተዋል። ጥርሶቹ አናታቸው ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው እንደ መጋዝ ሾለው ካገኟቸው ቸርኬውንና መያዣውን አብረው ይለውጡ፤ አዲስ ቸርኬ በተበላ መያዣ ላይ ቢገጠም እርሱም በቶሎ ይበላል። ሲገጥሙ ጥርሶቹንና የዳዶውን ዘወርዋራ ፊት ግራሶ ይቀቡ፣ በመዳብ ወይም በእርሳስ መዶሻ ያጥብቁ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም ቆመው እንደገና ይምቱት።